ሁለት አውንስ የጎደለው ዱላ

ሙሄዲንን ለማያውቅ ሰው አስቀድሜ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ ሰውዬው ችኮ ነው። ወዳጄ ስለሆነ ነው በዚህች ቃል ያለፍኩት። በልመና አይለዝብም፣ በኩርፊያ አይደነግጥም። እኔ ክፍሉ ደግሞ ሻጩ ቅር እንዳይለው ብዬ የማልፈልገውን ሶፋ ገዝቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ እሱን ሳይ እናደዳለሁ፣ ወዲያው ደግሞ እቀናለሁ። በፈረንጆቹ 2008 ጸደይ ላይ የሆነውን ካየሁ በኋላ ንዴቱ ለቀቀኝ። ቅናቱ ግን አሁንም አለ።

ተወልዶ ያደገው ኮምቦልቻ ነው። ዳላስ እንደመጣ ከሚስቱ ጋር ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር አንድ መኝታ ያለው አፓርትመንት ተከራዩ። እኔ ከእነሱ ሥር ነበርኩ፤ ኮርኒሴ ላይ ሲራመዱ ማን ወዴት እንደሄደ አውቅ ነበር። ሚስቱ ታማ ሞተችበት። ልጅ አልወለዱም። ከዚያ በኋላ ከላይ የሚሰማኝ የአንድ ሰው ኮቴ ብቻ ሆነ፤ ከሥራ ሲገባ ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር። ፎርክሊፍት ከሚነዳበት መጋዘን አጠገብ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ፣ ቤት አግኝቶ ሲለቅ፣ ጎረቤቴን እያጣሁም ቢሆን ደስ አለኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ሐዘን ሊጨርሰው ነበር።

ቤዝቦልን የተዋወቀው በመጋዘኑ በኩል ነው። አብሮት የሚሠራ አንድ የቴክሳስ ሽማግሌ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆች ጨዋታ ይዳኝ ነበር። የሰውዬው መኪና ሲበላሽ ሙሄዲን ሜዳው ድረስ አደረሰው፤ በዚያው ተቀምጦ አየ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናው ተሠርቶ ቆሞ እያለ «ላድርስህ» አለው። እንዲህ እንዲህ እያለ የዳኝነት ኮርስ ገባ፣ ፈተናውን ወደቀ፣ ደግሞ ተፈተነ፣ አለፈ። እኛ ሳቅንበት። የብረት ጭንብል አጥልቆ ከሰው ልጅ ጀርባ የሚያጎነብስ የወሎ ሰው አይተን አናውቅም ነበር።

«ምን አገኘህበት?» ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን።

«ቤት ውስጥ ጭር ሲል ማንም የለም ማለት ነው» አለኝ። «ሜዳ ላይ ጭር ሲል ግን ሁሉም ሰው አንዲት ኳስ እየጠበቀ ነው።»

ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩበትም።

ሥራውን ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ከጨዋታ በፊት ሁለቱም ቡድኖች ኳስ የሚመቱባቸውን የብረት ዱላዎች፣ ልጆቹ ባት የሚሏቸውን፣ በአጥሩ ሥር ይደረድራሉ። እሱ በረድፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። እያንዳንዱን ያነሣል፣ መዳፉን እያዞረ ይዳብሰዋል፣ የተሰረጎደና የተሰነጠቀ ይፈልጋል፣ እጀታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያነባል፣ መልሶ ያስተኛዋል። ሕጉ ለእኔ እንኳን ገብቶኛል። በትምህርት ቤትና በኮሌጅ ቤዝቦል የዱላው ክብደት በአውንስ፣ ከርዝመቱ በኢንች፣ ከሦስት በላይ ማነስ የለበትም። ሠላሳ ሁለት ኢንች የሚረዝም ዱላ ከሃያ ዘጠኝ አውንስ መቅለል አይችልም። የቀለለ ዱላ በጣም ይፈጥናል፤ የፈጠነ ብረት የሚተፋትን ኳስ ደግሞ ፊት ለፊት የቆመው ወርዋሪ ልጅ አያመልጣትም።

አሁን ወደ ሁመይራ ልምጣ። ሁመይራ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። የዳላስ ዳርቻ በሆነችው ማኪኒ፣ በታላቅ ወንድሟ በሐጂ ይመር ቤት፣ ከልጇ ከጦልሃ ጋር ትኖራለች። የጦልሃ አባት ሌላ ስቴት ገብቶ ሌላ ትዳር ይዟል፤ በዓል ሲመጣ ጫማ ይልካል፣ ስልክ አይደውልም። ጦልሃ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ ቤዝቦል ይጫወታል። ሁመይራ የዒድ ሰላት ላይ ሙሄዲንን ስታገኘው «ልጄ ምን እየሠራ እንደሆነ ሳይገባኝ ነው የማጨበጭበው፤ እስቲ አስረዳኝ» አለችው። እሱም ማስረዳት ጀመረ። ዓመት ሙሉ አስረዳ። ጨዋታው እንዲያ የሚያስቸግር ሆኖ አይደለም።

በመጨረሻ እንደ ባህሉ ሽማግሌ ላከ። አቶ እንግዳ የሚባሉ የተከበሩ ሰው መሪ ሆኑ፤ ሌሎች ሁለት ተጨመሩ። እኔ ሽማግሌ አልነበርኩም። የኤርፖርት ቫን ስላለኝ ሹፌር ነበርኩ። ሐጂ ይመር ተቀበሉን፣ አበሉን፣ አጠጡን፣ «ከቤተሰብ ጋር እንምከርበት፣ ተመልሳችሁ ኑ» አሉ። በእኛ ደንብ እንዲህ ከተባለ ነገሩ በእሺታ አለቀ ማለት ነው። ሙሄዲን ይህን በነገርኩት ዕለት ጺሙን ተስተካከለ።

ያኔ ነው ዱላው የመጣው።

ሙሄዲን ዳኞችን ለሚመድበው ሰውዬ የጦልሃን ቡድን እንዳይሰጠው አስቀድሞ ነግሮት ነበር። ግን አንድ ዳኛ ታመመና ቡድኑ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ማክሰኞና ዓርብ የሚያደርጋቸው ሁለት ጨዋታዎች ሰው አጡ። ሰውዬው ለመነው። ሙሄዲን ማክሰኞ ሜዳ እንደደረሰ ሁለቱን አሰልጣኞች ጠርቶ «የዘጠኝ ቁጥሩን ልጅ እናት ለጋብቻ ጠይቄያለሁ፤ መልሱ ገና አልመጣም። ቅር የሚለው ካለ አሁኑኑ ልሂድ» አላቸው። አጥሩን ተደግፌ ነበርና ሰማሁት። የተጋጣሚው አሰልጣኝ ከት ብሎ ሳቀና «መልሱ እስኪመጣ ችግር የለም» አለው።

በዚያው ዕለት ሐጂ ይመር የእህታቸውን ልጅ ሊሸልሙ ወስነዋል። ዓርብ አንድ የኮሌጅ አሰልጣኝ ጦልሃን ለቡድኑ አይቶ ሊመርጠው እንደሚመጣ ሰምተዋል። ሐጂ በልጅነታቸው በአካባቢያቸው ሽመል በመምረጥ የታወቁ ነበሩ ይባላል። አንድ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ገብተው ዱላዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ በመተላለፊያው መሐል አወዛወዙ። ሻጩ ልጅ ወደ ኋላ ሸሸ። «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ቢላቸው «ለወንድ ልጅ ነው» አሉት። እጅ ላይ የማይከብደውን፣ አየሩን የሚሰነጥቀውን፣ ቀይና ጥቁሩን መረጡ። ለሽመል ቢሆን ኖሮ ምርጫቸው እንከን አልነበረውም።

ከጨዋታው በፊት የሜዳው ፓርኪንግ ላይ፣ ጠርተው ባመጡን ሰዎች ሁሉ ፊት፣ ዱዓ አድርገው ሰጡት። ጦልሃ እጀታውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ከደስታ ነው ብዬ ነበር። የአጎቱን ጉልበት ሳመ፤ ዱላውን ይዞ ሄዶ ከሌሎቹ ጋር በአጥሩ ሥር አስቀመጠው።

ሙሄዲን በረድፉ ላይ እየመጣ እሱ ጋ ደረሰ። አነሣው። ቁጥሩን አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። ሠላሳ ሁለት ኢንች፣ ሃያ ሰባት አውንስ። ቀና ሲል ሐጂ ይመር አጥሩ ጋ ቆመው፣ ስልካቸውን ለፎቶ ደግነው፣ ፈገግ ብለው ያዩታል። ሙሄዲን ዓይናቸውን አየ። ማን እንደገዛው ያኔ የገባው ይመስለኛል፤ ለጥቂት ጊዜ ዱላውን እንደያዘ ቆሟልና። ከዚያ የጦልሃን አሰልጣኝ ጠርቶ ሰጠው። «ይሄ አይገባም።» አሰልጣኙ አየት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፣ ከመቀመጫው ሥር ወረወረው። ለአሜሪካኖቹ ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። ለእኛ ገና መጀመሩ ነበር።

ጦልሃ በትምህርት ቤቱ ዱላ ተጫወተ፤ አንዴም አልቀናው። ሐጂ ይመር ጨዋታው ሳያልቅ ተነሡ። ቫኔ አጠገብ ሲያልፉ «የእህቴን እጅ የሚጠይቅ ሰው ስጦታዬን በሰው ፊት መሬት አስጣለው» አሉኝና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ አቶ እንግዳ ደወሉልኝ።

«ክፍሉ፣ ቫኑ ጋዝ አለው?»

«ወዴት ነው?»

«ግራንድ ፕሬሪ። ሐጂ መልእክት ሰጥተውናል።»

ለሰው የተላኩ ሽማግሌዎች ተመልሰው ወደ ላኪው ሲላኩ አይቼ አላውቅም። መልእክቱ እንዲህ ነው። ሙሄዲን ዓርብ ዱላው እንዲገባ ይፍቀድ፤ ማክሰኞ ተሳስቼ ነው ብሎ ለሰው ይናገር። ይህን ካደረገ ዓርብ ማታውኑ ሁመይራን ሰጥተናል ይባላል። አላደርግም ካለ ግን ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳይልክ።

ሙሄዲን እስላሙም ክርስቲያኑም እንዲበላው ብሎ አሳ ጠብሶ፣ ሩዝ ሠርቶ ጠበቀን። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ግን አልታጠቡም። ደንቡን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እሺ ሳትል እህልህን አንቀምስም ማለት ነው።

«ሶ» አሉ አቶ እንግዳ፣ «የጎደለው ስንት ነው?»

«ሁለት አውንስ።»

«ሁለት አውንስ ማለት ምን ያህል ነው? በሚገባኝ ንገረኝ።»

ሙሄዲን አሰብ አደረገ። «አንድ እንቁላል ያህል።»

«አንድ እንቁላል!» አቶ እንግዳ ወደ እኛ ዞሩ። «ለአንድ እንቁላል ብለህ ሚስት ልታጣ ነው? አንተ ሰው፣ በዚህ ዕድሜህ ቤት የሚሞላልህ ሰው አግኝተህ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ፣ ጋሽ እንግዳ።»

«ታዲያ ምን ይጎዳል? ማነው የሚመዝነው? አንተ ኦኬ ካልክ ኦኬ ነው።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ የማየው። ለዚህ ነው የማይሆነው። እዚያ ማዶ የሚወረውረው ልጅም እናት አለችው። ዱላዎቹን እኔ እንዳየኋቸው አምና ነው ቁጭ ብላ የምታየው። በአንድ የበጋ ጨዋታ ላይ በእንዲህ ያለ ዱላ የተመታች ኳስ የልጅ ጥርስ ስታወጣ አይቻለሁ። ደሙን በእጄ ነው የያዝኩት።»

አሳው ይቀዘቅዛል። እኔ ደግሞ ቁርስ አልበላሁም።

«ክፍሉ፣ አንተ ብላ» አለኝ ሙሄዲን፤ «አንተ ሽማግሌ አይደለህም።»

ብበላ አቶ እንግዳ በሕይወት አያቆዩኝም ነበር። ተውኩት።

አቶ እንግዳ በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐጂ ተቀይመዋል። በሰው ፊት ነው። ለዚያስ ምን ትላለህ?» አሉት።

«ለዚያ ልክ ናቸው» አለ ሙሄዲን። «ዞር አድርጌ ለብቻቸው ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ ሥራ ላይ ነበርኩና አልቻልኩም። ለዚያ ድንጋይ ተሸክሜ እሄዳለሁ። ዱላውን ግን አላስገባም።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀምሱ ተነሡ። በሩ ላይ ዞር ብዬ ሳየው አምስት ሰው ሊበላው የነበረውን ምግብ እየተመለከተ ብቻውን ቆሟል። ሄጄ እሺ በል ብዬ ልለምነው ነበር፤ እግሬ እንቢ አለኝ። እሱ ትክክል እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ችግራችንም ይኸው ነበር።

ድንጋይ ያለውን ነገር ለአነጋገር ያህል ነው ብዬ ነበር። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ደውሎ «ማኪኒ አድርሰኝ» አለኝ። ለብቻው መንዳት ከብዶት ይመስለኛል። ሳነሣው በእጁ አንድ ትልቅ ነጭ ድንጋይ ይዟል፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ያነሣው ነው። መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ሄደ።

ማኪኒ ሣሩ ሁሉ በአንድ ልክ የታጨደ፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ ሰፈር ነው። ሙሄዲን ከቫኑ ወርዶ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ጫነ፣ አጎነበሰ፣ ከእግረኛው መንገድ ጀምሮ በመኪና መግቢያው ሽቅብ መራመድ ጀመረ። ጎረቤት ሣር የሚያጭድ ፈረንጅ ማጨጃውን አጠፋ። እኔ እጄን አውለብልቤ ችግር የለም አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? አገራችን የበደለ ሰው እንዲህ አድርጎ ነው የሚመጣው፤ ይቅር የሚለው ተበዳይ ደግሞ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል።

ሐጂ ይመር ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ ወጡ። አዩት።

«ምን ብለህ መጣህ?»

«ሐጂ፣ በሰው ፊት አሳፍሬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ዱላውስ?»

«ዱላው አይገባም።»

«ታዲያ ምኑን ነው ይቅር የምልህ?»

«ማሳፈሬን። ሕጉን አይደለም።»

ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ። ድንጋዩን አልነኩም። የሙሄዲን ላብ ኮንክሪቱ ላይ ይንጠባጠባል። አሁን እምቢ ቢሉት ያ ሰው ድንጋዩን ተሸክሞ ተመልሶ ሊሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ሁመይራን ደግሞ የሚያነሣ ሰው አይኖርም።

ጦልሃ በጋራዡ በኩል ወጣ።

«አጎቴ፣ እኔ አውቅ ነበር» አለ። «ማለቴ፣ ፓርኪንጉ ላይ ነምበሩን አየሁ። ኢሊጋል ነው። ግን ሁሉ ሰው እያየ አንቱን ኖ ማለት አልችልም። ሶ፣ አጥሩ ጋ አስቀመጥኩት። አንክል ሙሄዲን ቼክ ያደርጋል ብዬ።»

ሐጂ ዞሩ። «ባያይልህስ ኖሮ?»

«ይዤ ገብቼ የእነሱ ኮች ካየ አውት ነኝ፣ ተራዬ ይቃጠላል። ፍራይዴይ ቢሆን ደግሞ፣ ኮሌጅ ኮቹ ፊት አውት ነኝ።»

ሐጂ ይመር ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሁመይራ የሆስፒታል ልብሷን ሳታወልቅ በዋናው በር ወጣች። በወንድሟ አጠገብ አለፈች፤ በሁለት እጇ ድንጋዩን ከሙሄዲን ማጅራት አንሥታ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። የእሷ ቦታ አልነበረም፤ የበደለው እሷን አልነበረምና። እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም።

«ጋሼ» አለች ለወንድሟ፣ «እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት አልወደው ብዬ አይደለም። እኔን ለማግኘት ብሎ ልጄን የሚያባብል ሰው እንዳይሆን ፈርቼ ነው። አባቱ በጫማ ያባበለው ይበቃዋል።»

ሙሄዲን ቀና አለ። አንገቱ ላይ የድንጋዩ ነጭ አቧራ ቀርቷል።

ሐጂ ይመር ጺማቸውን ደባበሱ። «ሽማግሌዎቹ የታሉ?»

«እኔ አለሁ» አልኩ።

«አንተ ሹፌር ነህ።»

«ዛሬ ሌላ ሰው የለም፣ ሐጂ።»

ሳቅ መጣባቸው፤ ሊደብቁት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። «እንግዲያ ለአቶ እንግዳ ንገርልኝ። ሰጥተናል።» ከዚያ ወደ ሙሄዲን ሄደው በሁለት እጃቸው ትከሻውን ይዘው ሳሙት። «ዱላውን ነገ ጠዋት እመልሰዋለሁ። የሚሆነውን የምትመርጥልኝ አንተ ነህ፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

ቤት ገባን። ያን ዕለት የበላሁትን አልረሳውም፤ የትናንቱንም ጭምር ነው የበላሁት። ሙሄዲን መቁረስ እንደጀመረ ስልኩ ጠራ። ዳኞችን የሚመድበው ሰውዬ ነው፤ ነገ ለሚደረገው ጨዋታ ሊያረጋግጥ ነው የደወለው። ድምፁ ጮክ ያለ ስለሆነ ሁላችንም እንሰማዋለን።

«ነገ አልችልም» አለው ሙሄዲን። «ሌላ ሰው ፈልግ።»

ሰውዬው ደነገጠ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሙሄዲን ቀርቶበት አያውቅም። «ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?»

ሙሄዲን ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠውን ጦልሃን አየ።

«አይ፣ ደህና ነኝ» አለ። «ልጄ ይጫወታል።»